ለቀጭን ላፕቶፕ የዴስክቶፕ ግራፊክስ ካርድ መሰካት፦ ከፖርቱ ጀምሩ፣ ካርዱን በመጨረሻ ግዙ

ቀጭን ላፕቶፕ ይዛችሁ ብሌንደር (የ3ዲ ስራ ፕሮግራም) ወይ ዳቪንቺ ሪዞልቭ (የቪዲዮ ኤዲቲንግ ፕሮግራም) ስትከፍቱ ማሽኑ የሚጨነቅባችሁ ከሆነ፣ ወይም ማታ ቤት ገብታችሁ ጌም ልትጫወቱ ስትሉ ኢንቴል ግራፊክሱ እምቢ የሚላችሁ ከሆነ፣ ሌላ ላፕቶፕ ከመግዛታችሁ በፊት ማየት ያለባችሁ መንገድ አለ፣ የዴስክቶፕ ግራፊክስ ካርድ ከውጭ በገመድ መሰካት። ኢጂፒዩ ነው የሚሉት። ካርዱ ጠረጴዛ ላይ በራሱ ሳጥን ወይ በራሱ ቦርድ ይቀመጣል፣ ኮረንቲውን ከራሱ ፓወር ሰፕላይ ይወስዳል፣ ከላፕቶፑ ጋር የሚያገናኘው አንድ ገመድ ብቻ ነው። ጠዋት ገመዱን ነቅላችሁ ላፕቶፑን ቦርሳ ውስጥ ከታችሁ ስራ ትሄዳላችሁ፣ ማታ መልሳችሁ ትሰካላችሁ።

ብዙ ሰው ግን ከመጨረሻው ነው የሚጀምረው። ካርድ በጥሩ ዋጋ አገኘሁ ብሎ ይገዛል፣ ቤት ሲያደርሰው ላፕቶፑ ላይ ያለው ዩኤስቢ ሲ ቻርጅና ፋይል ብቻ የሚያስተላልፍ ሆኖ ይገኛል፣ ካርዱም ካርቶኑ ውስጥ ይቀራል። ስለዚ ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ ፖርት፣ ቀጥሎ የላፕቶፑ ሲፒዩና ራም፣ ከዛ ሳጥኑና ገመዱ፣ ከዛ ኮረንቲው፣ ካርዱ በመጨረሻ ነው። ካርድ በፈለጋችሁት ጊዜ ሸጣችሁ ትቀይራላችሁ፣ ማዘርቦርድ ላይ የተበየደ ፖርት ግን አይቀየርም።

ፖርቱን እወቁት

የምትፈልጉት ፒሲአይ ኤክስፕረስ የሚባለውን መስመር ወደ ውጭ የሚያወጣ ፖርት ነው፣ ካርዱ ዴስክቶፕ ውስጥ ሲሆን የሚሰካው እሱ ላይ ስለሆነ። ቅርጹ ዩኤስቢ ሲ መሆኑ ምንም አያረጋግጥም። እንዲህ ካሉት ፖርቶች ዋናው ታንደርቦልት የሚባለው ነው፣ ታንደርቦልት 3 በ2015 ይፋ ሲሆን ያንኑ የዩኤስቢ ሲ ቅርጽ ስለወሰደ፣ ከዛ ወዲህ መልካቸው አንድ የሆነ ሁለት ቀዳዳ አንዱ ካርድ ይሸከማል ሌላው አይሸከምም። ከፖርቱ አጠገብ ጫፏ ቀስት የሆነች የመብረቅ ምልክት ፈልጉ፣ ካላመናችሁ ደግሞ ዊንዶውስ ላይ ዲቫይስ ማናጀር ከፍታችሁ ሲስተም ዲቫይስስ የሚለው ስር ታንደርቦልት ኮንትሮለር የሚል ስም እንዳለ እዩ።

እኛ ጋር በብዛት ከሚዞሩት ያገለገሉ ላፕቶፖች ብንነሳ፣ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ5 እና ጂ6 ኢንቴል የሆኑት ታንደርቦልት 3 አላቸው፣ 840 ጂ3 ግን ዩኤስቢ ሲ ቢኖረውም ታንደርቦልት አይደለም። ዴል ላቲትዩድ 7490 ላይ ታንደርቦልት መጀመሪያ ሲታዘዝ የሚመረጥ ነገር ስለነበር አንዱ አለው አንዱ የለውም፣ እሱን የሞዴል ቁጥር ብቻ አይታችሁ አትግዙ። ቲንክፓድ ኤክስ1 ካርበን 6ኛው ትውልድ ሁለት ሙሉ ታንደርቦልት 3 ፖርት አለው። ቲንክፓድ ቲ480ም አለው ግን በግማሽ ነው፣ አራት ሌን (ዳታው የሚያልፍበት መንገድ) መሆን ሲገባው ሁለት ሌን ብቻ ነው የተሰጠው፣ ዴል ኤክስፒኤስ 13 9360ም እንደዛው ነው፣ ወደ አራት ያደገው 9370 ላይ ነው። ግማሽ ሌን ማለት አይሰራም ማለት አይደለም፣ ይሰራል፣ ግን ጌም ላይ የፍጥነት ቅነሳው ይብሳል፣ ውድ ካርድ ለመግዛት ምክንያት የላችሁም ማለት ነው።

አሁን ቁጥሩን እንይ። ታንደርቦልት 3 የሚሸጠው 40 ጊጋቢት በሰከንድ ተብሎ ነው፣ ከዛ ውስጥ ለካርዱ ዳታ በተግባር የሚደርሰው ግን ወደ 22 ጊጋቢት ነው። ዴስክቶፕ ውስጥ ያለ ባለ 16 ሌን ፒሲአይ ኤክስፕረስ 3 ስሎት ደግሞ 128 ጊጋቢት አካባቢ አለው። ስታዩት ያስደነግጣል፣ ስራ ላይ ግን ልዩነቱ በዛው ልክ አይታይም፣ ለምን መሰላችሁ፣ ካርዱ አብዛኛውን የሚሰራው ቀድሞ ራሱ ሚሞሪ ውስጥ ባስገባው ነገር ላይ ነው፣ በገመዱ የሚያልፈው አዲስ የሚገባውና የሚወጣው ብቻ ነው። ስለዚ መጠየቅ ያለባችሁ የኔ ስራ በገመዱ ስንት ጊዜ ይመላለሳል የሚለውን ነው። ብሌንደር ላይ ሳይክልስ በሚባለው ሞተሩ ሬንደር ስታደርጉ (የመጨረሻውን ምስል አስልቶ ሲያወጣ) የሰራችሁት ትእይንት አንዴ ይገባል ከዛ ካርዱ ለብቻው ደቂቃዎች ይሰራል፣ ዴስክቶፕ ላይ ካለው ጋር ብዙም አይራራቅም። የኤአይ ሞዴል ኮምፒውተራችሁ ላይ የምታስኬዱ ከሆነም ያው ነው፣ ሞዴሉ ሲጫን ትንሽ ትጠብቃላችሁ፣ ካርዱ ሚሞሪ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ከገባ በኋላ ገመዱ ስራ ይፈታል። ቪዲዮ ኤዲቲንግ መሀል ላይ ነው፣ እያንዳንዱ ፍሬም ገብቶ ስለሚወጣ። ጌም ነው ከሁሉም የሚጎዳው፣ ሲፒዩው በየቅጽበቱ ለካርዱ ትእዛዝ ስለሚልክ፣ ከጌም ጌም በጣም ይለያያል፣ 10 ፐርሰንት ብቻ የሚቀንስ አለ 30 እና ከዛ በላይ የሚቀንስም አለ። የሚገርመው ሬዞሉሽን ከፍ ስታደርጉ ቅነሳው ያንሳል፣ ካርዱ ራሱ ስራ ስለሚበዛበት በሰከንድ የሚመላለሰው ፍሬም ይቀንሳልና።

ታንደርቦልት 4ም ያው 40 ነው ግን ቢያንስ 32 ጊጋቢት ለፒሲአይ ኤክስፕረስ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ታንደርቦልት 5 ወደ 80 አድጓል፣ ለካርዱ 64 ይሰጣል፣ ላፕቶፖቹ ግን ገና ውድ ናቸው። ዩኤስቢ 4 ያላቸው ብዙ የኤኤምዲ ላፕቶፖች ይሰራሉ፣ ሆኖም በደረጃው መሰረት የፒሲአይ ኤክስፕረሱ ክፍል ለአምራቹ የተተወ ምርጫ ስለሆነ ከመግዛታችሁ በፊት የሞዴሉን ዝርዝር አንብቡ።

ታንደርቦልት የለኝም ለምትሉ ሌላ በር አለ፣ የኤም.2 ስሎት። ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ (ፋይላችሁ የሚቀመጥበት ፈጣን ዲስክ) የሚገባበት ስሎት ራሱ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ነው፣ ብዙ ጊዜ አራት ሌን። እዛ ላይ ኦኩሊንክ የሚባል አስማሚ አስገብታችሁ ገመዱን ወደ ውጭ ታወጣላችሁ። በመሀል ምልክት የሚተረጉም ቺፕ ስለሌለ ፍጥነቱ ከታንደርቦልት 3 ይበልጣል፣ በፒሲአይ ኤክስፕረስ 4 ከሆነ 64 ጊጋቢት ይደርሳል። ዋጋውም በጣም ይረክሳል። ጉዳቱ ደግሞ ኤስኤስዲያችሁን ሌላ ቦታ ማዛወር አለባችሁ፣ ሁለተኛ ኤም.2 ወይም ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ቦታ ያለው ላፕቶፕ ያስፈልጋል፣ የታችኛው ክዳን ላይም የገመድ መውጫ መክፈት ሊጠይቅ ነው። ከዛ በላይ ደግሞ ላፕቶፑ በርቶ እያለ አይሰካም አይነቀልም። በየቀኑ ላፕቶፑን ይዞ ለሚወጣ ሰው እኔ ይሄን አልመክርም፣ ላፕቶፑ ከጠረጴዛ የማይነሳ ከሆነ ግን ከሁሉም የተሻለው እሱ ነው።

ማክ ላላችሁ በአጭሩ፣ አፕል ከማክኦኤስ 10.13.4 ጀምሮ በ2018 ኢጂፒዩ ደግፏል፣ ግን ኢንቴል ማክ ላይ ብቻ፣ ካርዱም ኤኤምዲ ሲሆን ነው። ኤም1 እና ከዛ ወዲህ ያሉትን ለዚህ ብላችሁ አትግዙ።

ላፕቶፑ ራሱ ይችላል ወይ

ካርዱ ብቻውን አይሰራም፣ ሲፒዩው ነው የሚመግበው። የቀጭን ላፕቶፕ ሲፒዩ ብዙ ጊዜ 15 ዋት የተመደበለት ነው። 7ኛ ትውልድ ኮር አይ5 7200ዩ ሁለት ኮር ብቻ ነው ያለው፣ 8ኛ ትውልድ 8250ዩ አራት አለው፣ በሁለቱ መሀል ያለው ልዩነት ለዚህ ስራ ሰማይና ምድር ነው። 7ኛ ትውልድ ከያዛችሁ ገንዘባችሁን ወደ ላፕቶፕ ማሻሻል አዙሩት። ራም 16 ጊጋባይት ይሁን፣ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ 8 ጊጋባይት ራም ብቻ ያለው ከሆነ ሬንደር ላይ ራሱ ትቸገራላችሁ። አንድ ጥሩ ነገር አለ፣ ግራፊክሱ ከውጭ ሲሆን ላፕቶፑ ውስጥ ያለው ኢንቴል ግራፊክስ ስለሚያርፍ ያ 15 ዋት ሙሉውን ለሲፒዩ ይሆናል። ፋኑን አጽዱ፣ የሙቀት ፔስቱ የደረቀ ከሆነ አስቀይሩ፣ ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል ግን ሲፒዩው ሲሞቅ ፍጥነቱን ስለሚቀንስ ካርዱ ቆሞ ይጠብቀዋል።

ሳጥኑና ገመዱ

ሁለት አይነት መንገድ አለ። አንዱ ሙሉ ሳጥን ነው፣ ፓወር ሰፕላዩ ውስጡ ያለ። ሬዘር ኮር ኤክስ በ2018 ሲወጣ 299 ዶላር ነበር፣ 650 ዋት ፓወር ሰፕላይ አለው፣ በዛው ገመድ ላፕቶፑን እስከ 100 ዋት ቻርጅ ያደርጋል፣ ያገለገለ ካገኛችሁ አሁንም ጥሩ እቃ ነው። ሶኔት ብሬክአዌይ ቦክስም አለ። ሁለተኛው መንገድ ክፍት ቦርድ ነው፣ ካርዱ የሚሰካበት ስሎትና የፓወር ሰፕላይ ሶኬት ብቻ ያለው፣ ኤዲቲ ሊንክ የሚባሉት የቻይና ቦርዶች ይታወቃሉ፣ ለምሳሌ ዩቲ3ጂ የሚባለው በዩኤስቢ 4 እና በታንደርቦልት ይሰራል፣ ለኦኩሊንክ ደግሞ ሚኒስፎረም ዴግ1 አለ። ቦርድ ስትገዙ ፓወር ሰፕላይ ለብቻ ትገዛላችሁ፣ ላፕቶፑን ቻርጅ ያደርጋል ወይ የሚለውንም ጠይቁ፣ ብዙዎቹ አያደርጉም ስለዚ ቻርጀራችሁ ተሰክቶ ይቀራል።

ከአሜሪካ ወይ ከዱባይ በሚመጣ ሰው ለምታስልኩ ክብደቱን አስቡ። ኮር ኤክስ ካርዱ ሳይጨመር 6 ኪሎ ተኩል ገደማ ነው፣ የአንድ ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ከሩብ በላይ ነው፣ ዘመድ ላይ እንዲህ አይጫንም። ክፍት ቦርድ ግን ከነገመዱ እጅ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ቦርዱን አስመጥቶ ፓወር ሰፕላይና ካርዱን እዚሁ መግዛት ለኔ የሚያዋጣው ነው፣ ካርድንም አይታችሁ ሞክራችሁ ነው መግዛት ያለባችሁ።

ገመዱን አትናቁ። ለስልክ ቻርጅ የመጣ ዩኤስቢ ሲ ገመድ ብዙ ጊዜ 480 ሜጋቢት ብቻ ነው የሚያሳልፈው፣ ካርዱ ጭራሽ አይታይም። ጫፉ ላይ መብረቅና 3 ወይም 4 ቁጥር ያለበት ይሁን። ከሳጥኑ ጋር የመጣውን አጭር ገመድ ተጠቀሙ፣ ሩቅ ይድረስልኝ ብላችሁ ረጅም ተራ የታንደርቦልት 3 ገመድ ስትገዙ ፍጥነቱ ወደ 20 ጊጋቢት ይወርዳል።

ኮረንቲው

ይሄ ክፍል ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ፣ ከውጭ የሚጻፉ መመሪያዎች የማያነሱት ነገር ስለሆነ።

ላፕቶፕ የለመደ ሰው መብራት ሲሄድ አይደነግጥም፣ ባትሪ አለው፣ ስራው ይቀጥላል። ኢጂፒዩ ሲሰካ ግን ይሄ ይቀየራል። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ ይቆያል ካርዱ ግን በዛችው ቅጽበት ይሞታል፣ ካርዱን ይጠቀም የነበረው ፕሮግራም ይዘጋል፣ አንዳንዴም ዊንዶውሱ ራሱ ይቆማል ወይ ሰማያዊ ስክሪን ያመጣል። ያልተቀመጠ ፕሮጀክት ከነበራችሁ ሄደ ማለት ነው። ስለዚ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ ሳጥን) ከካርዱ ዋጋ ጋር አብራችሁ ቁጠሩት። ሂሳቡ ከባድ አይደለም፣ አርቲኤክስ 3060 የሚባለው የኤንቪዲያ ካርድ ቢበዛ 170 ዋት ነው፣ ላፕቶፑ 65፣ ሞኒተሩ ትንሽ፣ ፓወር ሰፕላዩ ራሱ የሚያባክነው ሲጨመር 300 ዋት ውስጥ ትሆናላችሁ። 650 ቪኤ የሚለው ትንሹ ዩፒኤስ አብዛኛውን ጊዜ ከ360 እስከ 390 ዋት ይችላል፣ የሚሰጣችሁ ጥቂት ደቂቃ ነው ግን ሴቭ አድርጋችሁ በስርአት ለማጥፋት ይበቃል። ፓወር ሰፕላዩ ዩፒኤስ ላይ እንጂ ዲቫይደር ላይ አይሰካ። ብሌንደር ላይ አኒሜሽን የምትሰሩ በቪዲዮ ፋይል ሳይሆን በተከታታይ ምስሎች አውጡት፣ እያንዳንዱ ፍሬም ለብቻው ስለሚቀመጥ መብራት ሄዶ ሲመለስ ካቆመበት ትቀጥላላችሁ።

ፓወር ሰፕላይ ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ከመሰካታችሁ በፊት ከኋላው እዩት። አንዳንዶቹ በተለይ የቆዩትና ርካሾቹ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማብሪያ አላቸው፣ እዛ 115 ላይ ነው የሚውለው፣ እንዳለ እኛ 220 ላይ ከተሰካ ወዲያው ይቃጠላል። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል የተጻፈበት ከሆነ ምንም አያስፈልገውም፣ የቮልት ከፍ ዝቅ ባለበት ሰፈርም የሚሻለው እሱ ነው።

ስንት ዋት ልግዛ ካላችሁ፣ የካርድ ካርቶን ላይ 550 ዋት የሚለው ለሙሉ ዴስክቶፕ የተባለ ነው። እዚህ ፓወር ሰፕላዩ የሚመግበው ካርዱን ብቻ ስለሆነ ለባለ 170 ዋት ካርድ ስሙ የታወቀ 450 ዋት ከበቂ በላይ ነው። ስም የሌለው 700 ዋት ከሚል ይልቅ ጥሩ 450 ውሰዱ። ካርዱ ከስሎቱ እስከ 75 ዋት ይወስዳል፣ ባለ 6 ፒን ገመድ 75 ባለ 8 ፒን 150 ይጨምርለታል። ሁለት ነገር በፍጹም አታድርጉ። የሃርድ ዲስክ ሳታ ገመድን በአስማሚ ወደ 6 ወይ 8 ፒን ቀይራችሁ ካርድ ላይ አትሰኩ፣ ያ ገመድ 54 ዋት ብቻ ነው የሚችለው፣ ይቀልጣል። ሌላው የሲፒዩ 8 ፒንና የካርድ 8 ፒን ይመሳሰላሉ ግን ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ የተገላቢጦሽ ነው፣ አልገባ ካለ በጉልበት አትግፉት፣ ፒሲአይኢ (የፒሲአይ ኤክስፕረስ ማሳጠሪያ) የሚል የተጻፈበትን ፈልጉ።

ካርዱ

አሁን ነው ካርድ የሚገዛው። የኔ ምርጫ ሁሌ ሚሞሪው ብዙ የሆነው ነው፣ ፍጥነቱ ትንሽ ቢያንስም። ምክንያቱም የካርዱ ሚሞሪ ሲሞላ ከላፕቶፑ ራም መበደር ይጀምራል፣ ያ ብድር ደግሞ በዛችው ቀጭን ገመድ ነው የሚመላለሰው፣ ጌሙ መቆራረጥ ይጀምራል፣ ሬንደሩም ይንቀራፈፋል። ዴስክቶፕ ላይ ይሄ ያን ያህል አያሳምምም፣ ኢጂፒዩ ላይ ግን ዋናው በሽታ ነው። ስለዚ አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋባይቱን ከ3060 ቲአይ ባለ 8 አስበልጣለሁ፣ ስትገዙ ግን ባለ 8 ጊጋባይት 3060ም ስላለ ካርቶኑን አረጋግጡ። 12 ጊጋባይት ላይ ባለ 7 እና 8 ቢሊዮን ፓራሜትር የኤአይ ሞዴሎች በ4 ቢት ተጨምቀው በደንብ ይገባሉ። ኮረንቲ ለሚያሳስበው አርቲኤክስ 4060 115 ዋት ብቻ ነው የሚበላው፣ ሚሞሪው ግን 8 ነው። ለጌም ብቻ ከሆነ ኤኤምዲ አርኤክስ 6600 በ132 ዋት ጥሩ ነው። ለኤሊትቡክ 840 ጂ5 አይነት ላፕቶፕ ከዚህ በላይ የሆነ ካርድ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፣ ሲፒዩውም ገመዱም አይከተሉትም።

ያገለገለ ስትገዙ ሻጩ ፊት ለፊት ሰክቶ ያሳያችሁ። ጂፒዩ ዚ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም አሮጌ ቺፕ ላይ አዲስ ስም የተጻፈበትን ካርድ ብዙ ጊዜ ያጋልጣል፣ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ተብለው የሚሸጡ ሀሰተኞች አሉ። ቢያንስ ሩብ ሰዓት ከባድ ስራ ሰጥታችሁ ፋኖቹ በእኩል እንደሚዞሩ፣ ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ እንደማይወጣ እዩ። ፒ106 የሚባለው ከክሪፕቶ ማይኒንግ የወጣ ካርድ ደግሞ የሞኒተር መሰኪያ የለውም፣ ርካሽ ነው ብላችሁ አትውሰዱ።

መግጠምና ማስነሳት

ከመግጠማችሁ በፊት ባዮስ (ላፕቶፑ ሲነሳ ቀድሞ የሚሰራው ሶፍትዌር) እና የታንደርቦልት ፈርምዌር (ፖርቱ ውስጥ ያለው ሶፍትዌር) አፕዴት አድርጉ። ቲንክፓድ ላላችሁ ይሄ ግዴታ ነው፣ ከ2017 እስከ 2019 በወጡ ብዙ ሞዴሎች ላይ ቲ480ንና ኤክስ1 ካርበን 6ን ጨምሮ የድሮው ፈርምዌር ቀስ በቀስ ፖርቱን ከስራ ውጭ ሊያደርግ የሚችል ችግር ስለነበረበት ሌኖቮ ማስተካከያ አውጥቷል፣ ያገለገለ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ የቀድሞው ባለቤት ጭኖት ይሁን አይሁን አይታወቅም። ባዮስ ውስጥ ታንደርቦልት የሚለው ገብታችሁ ኦን መሆኑን፣ ዲስፕሌይ ፖርት ኦንሊ የሚለው አለመመረጡን እዩ፣ ቲንክፓድ ላይ ባዮስ አሲስት ሞድ የሚለው ለዊንዶውስ 10 እና 11 ይጥፋ።

ከዛ ፓወር ሰፕላዩ ከግድግዳ ተነቅሎ ካርዱን ስሎቱ ላይ እስኪቆልፍ ግፉት፣ በካቻቢቴ ብሎኑን እሰሩ፣ የ6 ወይ 8 ፒን ገመዱን ሰኩ። ካርዱን ከመንካታችሁ በፊት እጃችሁን ብረት ነገር አስነኩ። ሞኒተሩን ላፕቶፑ ላይ ሳይሆን ካርዱ ላይ ሰኩት።

ታንደርቦልት ከሆነ ላፕቶፑ ተነስቶ ዊንዶውስ ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ገመዱን ሰኩ፣ ታንደርቦልት ኮንትሮል ሴንተር ፍቀድ ብሎ ሲጠይቅ ሁሌ ይገናኝ የሚለውን ምረጡ፣ ፕሮግራሙ ከሌላችሁ ማይክሮሶፍት ስቶር ላይ አለ። አትቸኩሉ፣ መጀመሪያ ስክሪኑ ብልጭ ድርግም ሊል ይችላል። ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር የሚል አዲስ ስም ከመጣ ተገናኝቷል፣ ከዛ ድራይቨሩን ከኤንቪዲያ ወይ ከኤኤምዲ አውርዳችሁ ጫኑና ሪስታርት። ኦኩሊንክ ከሆነ ተቃራኒው ነው፣ ላፕቶፑ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ገመዱ ይሰካል፣ መጀመሪያ የካርዱ ፓወር ሰፕላይ ይበራል ከዛ ላፕቶፑ። ኡቡንቱ ላይ ሴቲንግ ውስጥ ታንደርቦልቱን ፈቅዳችሁ የኤንቪዲያን የራሱን ድራይቨር ትጭናላችሁ፣ እዛ ላይ ግን እየሰራ መንቀል ዊንዶውስ ያህል ስለማይመች አጥፍታችሁ ንቀሉ።

ካርዱ ላይ ቢጫ ምልክት መጥቶ ኮድ 12 ካለ ላፕቶፑ ለካርዱ የሚሆን የአድራሻ ቦታ አጣ ማለት ነው፣ ብዙ ጊዜ ገመዱን ነቅሎ ዊንዶውስ ከተነሳ በኋላ መሰካት ይፈታዋል፣ ካልሆነ የማትጠቀሙበትን የካርድ ሪደር ምናምን ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ዲሰብል አድርጋችሁ ሪስታርት አድርጉ። ኮድ 43 ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ድራይቨር ነው፣ ዲዲዩ በሚባለው ፕሮግራም በሴፍ ሞድ ሁሉንም አጽድታችሁ እንደ አዲስ ጫኑ፣ ከዛም ካልሄደ ገመድ ቀይራችሁ ሞክሩ። ጭራሽ የማይታይ ከሆነ የካርዱ ፋን መዞሩን፣ የ8 ፒኑ ገመድ በደንብ መግባቱን ከማየት ጀምሩ።

ካርዱ መስራቱን ማረጋገጥ

ተሰክቶ መታየቱ ስራው በሱ ላይ እየሄደ ነው ማለት አይደለም። ዊንዶውስ ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ ግራፊክስ ገብታችሁ የምትጠቀሙትን ፕሮግራም ጨምራችሁ ሃይ ፐርፎርማንስ ላይ አድርጉት። ብሌንደር ላይ ፕሪፈረንስስ ውስጥ ሲስተም የሚለው ስር ለኤንቪዲያ ኦፕቲክስ፣ ለኤኤምዲ ሂፕ ምረጡ፣ ሬንደር ትር ላይም ጂፒዩ ኮምፒዩት መሆኑን እዩ። ሪዞልቭ ላይ ሚሞሪ ኤንድ ጂፒዩ የሚለው ውስጥ ካርዱን በእጃችሁ ምረጡት።

ሞኒተሩን ካርዱ ላይ ሰኩ ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። ምስሉን ላፕቶፑ ስክሪን ላይ የምታዩ ከሆነ ካርዱ የሰራውን እያንዳንዱን ፍሬም በዛው ገመድ መልሶ ወደ ላፕቶፑ መላክ አለበት፣ ለሚገባው ዳታ የነበረው መንገድ ይጣበባል። ለብሌንደር ወይ ለኤአይ ለውጥ የለውም፣ ለጌም ግን ብዙ ይለውጣል። ሞኒተር ከሌላችሁ ሳሎን ያለው ቴሌቪዥን በኤችዲኤምአይ ይበቃል፣ የዊንዶውስ ቁልፍና ፒ አብራችሁ ተጭናችሁ ሴከንድ ስክሪን ኦንሊ የሚለውን ምረጡ።

ገመዱ ሙሉ አቅሙን እየሰጠ መሆኑን ለማወቅ ኤዳ64 የሚባለው ፕሮግራም ውስጥ ጂፒጂፒዩ የሚለውን መለኪያ አሂዱና ወደ ካርዱ የሚጻፈውን እዩ፣ ባለ አራት ሌን ታንደርቦልት 3 ላይ በሰከንድ ከ2000 ሜጋባይት በላይ፣ ባለ ሁለት ሌን ላይ 1400 አካባቢ ይጠበቃል። ባለ አራት ሌን ላፕቶፕ ይዛችሁ ከዛ በጣም ካነሰ ገመዱን ጠርጥሩ።

ለመንቀል ሲሆን ፕሮግራሞቹን በሙሉ ዝጉ፣ ሞኒተሩን ወደ ላፕቶፑ መልሱ፣ ታች ጥግ ላይ ካለው ሴፍሊ ሪሙቭ ካርዱን አስወጡ፣ ከዛ ገመዱን ንቀሉ፣ በመጨረሻ ፓወር ሰፕላዩን አጥፉ። ቸኩሎ መንቀል ካርዱን አይገድለውም ግን የተከፈተ ስራ ይበላል። ላፕቶፑን እንዲሁ ዘግታችሁ ስሊፕ ላይ እያለ አትንቀሉት፣ ሲነቃ ካርዱን ፈልጎ ሲያጣ ይቆማል። ክፍት ቦርድ የምትጠቀሙ ደግሞ ስትወጡ ካርዱን በንጹህ ጨርቅ ሸፍኑት፣ የበጋ አቧራ ፋኑ ውስጥ ቶሎ ይገባል፣ ስትመለሱ ግን ከማብራታችሁ በፊት ጨርቁን ማንሳት እንዳትረሱ።